የእድር አግዳሚና የአደባባይ መቀመጫ
በካዛንቺስና በቂርቆስ ስለሚሠሩ የማሰቢያ መቀመጫዎች ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



በአዲስ አበባ ስለ ሕዝብ መቀመጫ ሲነሣ በባለሙያው አእምሮ አስቀድሞ የሚሣለው በመናፈሻ ዳር የተተከለ ባለመደገፊያ ወንበር ነው። የከተማው ሰው ግን ከዚህ ወንበር ይልቅ አዘውትሮ የተቀመጠበት ሌላ መቀመጫ አለው፤ እርሱም የእድር አግዳሚ ነው። አግዳሚው መደገፊያ የለውም፤ ክንድ ማሳረፊያም የለውም። ረዘም ያለ ጣውላ በእንጨት ወይም በብረት እግር ላይ ተመትቶ፣ የእድሩ ምልክት በቀለም ተጽፎበት፣ በሰፈሩ ሰው ሲሞት ከዕቃ ቤት ወጥቶ በሁለት ሰው ትከሻ ይሄዳል። በድንኳን ሥር ተደርድሮ ሦስት ቀን ካገለገለ በኋላ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ ይቆለፍበታልም። ንድፉን ማን እንዳወጣው አይታወቅም። ሆኖም በከተማዋ ለሐዘንና ለመታሰቢያ የተሠራው መቀመጫ የትኛው ነው ተብሎ ቢጠየቅ፣ ያለ ማመንታት ሊጠቀስ የሚገባው ይኸው አግዳሚ ነው።

በአማርኛ ሐዘን የሚቀመጡት ነገር ነው። ሟቹ የተቀበረበት ቤተ ሰብ «ሐዘን ተቀመጠ» ይባላል፤ ጎረቤትም መጥቶ አብሮ ይቀመጣል። ቃሉ ራሱ ለመሐንዲሱ አንድ ነገር ይነግረዋል፤ ሐዘን ቦታ ይፈልጋል፣ ቦታውም የሚቀመጡበት መሆን አለበት። በድንኳን ውስጥ ንግግር ግዴታ አይደለም። ሰው ገብቶ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይቀመጣል፤ ንፍሮ ይቆነጥራል፤ ሲበቃው ተነሥቶ ይሄዳል። የመጣበትን ሥራ የፈጸመው በመቀመጡ ነው።

ይህ አግዳሚ በካዛንቺስ ዛሬ የሚያርፍበትን ደጅ አጥቷል። በ2016 ዓ.ም. በከተማዋ የተጀመረው የኮሪደር ልማት በሁለተኛው ምዕራፉ ካዛንቺስን አካትቶ፣ በ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ በርካታ ነባር ነዋሪዎች ከሰፈሩ ተነሥተዋል። ከተነሡትም መካከል በከተማዋ ደቡባዊ ዳርቻ በሚገኘው በገላን ጉራ የሰፈሩ አሉ። በተጠረገው መሬት ላይ ሰፋፊ የእግረኛ መንገድ ተነጥፏል፤ ዛፍ ተተክሏል፤ መብራት ቆሟል፤ መቀመጫም ተሠርቷል። ስለዚህ በሙያው ላይ የሚወድቀው ጥያቄ ግልጽ ነው። አዲሱ መቀመጫ ከእድሩ አግዳሚ የሚረከበው ሥራ አለን? ካለስ እንዴት ተደርጎ ቢሠራ ነው ሊረከበው የሚችለው?

አስቀድሞ ስለ ቦታው ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ከወራሪው ነው። ኢጣሊያ ለመንግሥት ሠራተኞቿ መኖሪያ የሚሠራ፣ በአሕጽሮት «ኢንቺስ» የሚባል ተቋም ነበራት። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በቆየው የወረራ ዘመን በዚህ ሥፍራ የተሠሩት ቤቶች «የኢንቺስ ቤቶች» በሚለው የኢጣሊያንኛ መጠሪያቸው ይታወቁ ነበር፤ የአዲስ አበባ ሰው ሁለቱን ቃላት አንድ ላይ ጠቅልሎ «ካዛንቺስ» አላቸው። ቤቶቹ የተሠሩት ለገዥው ወገን ነበር። ወራሪው ከወጣ በኋላ ግን ሰፈሩ የአገሬው ሆኖ ሰፋ፤ በቪላዎቹ ዙሪያና መካከል የጭቃ ቤቱ፣ የጠጅ ቤቱ፣ የአዝማሪ ቤቱና የሱቁ ረድፍ በየጊዜው እየተጨመረ ሄደ። ያ ሁሉ ሰው ከየአገሩ የመጣ ነበርና ዘመድ በቅርብ አልነበረውም። ዘመድ የሆነው እድር ነው። የባዕድ ስም የያዘውን ሰፈር የነዋሪው ያደረገው፣ ከማናቸውም የባለቤትነት ወረቀት ይልቅ፣ አብሮ መቅበርና አብሮ ሐዘን መቀመጥ ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

የፈረሱትን ቤቶች በሚመለከት ቅን ፍርድ መስጠት ይገባል። አብዛኞቹ የቀበሌ ቤቶች ያረጁ፣ ጣሪያቸው የሚያፈስ፣ ብዙ ቤተ ሰብ በአንድ መጸዳጃ የሚገለገልባቸው ነበሩ። ለጠመመ የጭቃ ግድግዳ የሚያለቅስ መሐንዲስ የለም፤ ቢኖርም አንድ ክረምት አድሮበት ሐሳቡን ይለውጣል። ነገር ግን እድሩ ከግድግዳው ውስጥ አልነበረም። በቤቶቹ መካከል ባለችው ጠባብ ሜዳ፣ ድንኳን ሲተከል መንገዱ በሚዘጋባት፣ ጥሩምባ ነፊው ሌሊት ዞሮ በሚጣራባት ቦታ ነበር። ይህች ቦታ በመሬት ይዞታ ካርታ ላይ «መንገድ» ተብላ ትታለፋለች። ለተነሣው ሰው ምትክ ቤት ይሰጣል፤ ለቤቱ ግምት ይወጣል። ሐዘን ይቀመጡበት ለነበረው ሜዳ ግን ግምት የሚያወጣ መሐንዲስ እስካሁን አልተሾመም።

ያለ መቀመጫ የቀረ ሐዘን ምን እንደሚመስል ለማወቅ ከካዛንቺስ ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በቂርቆስ ክፍለ ከተማ የሚገኘው መስቀል አደባባይ በደርግ ዘመን «አብዮት አደባባይ» ይባል ነበር። በሚያዝያ ወር 1969 ዓ.ም. መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶችን ሰብረው የቀይ ሽብርን ዘመቻ ያወጁት በዚሁ አደባባይ ነበር። በዚያ ዘመን ልጃቸው የተገደለባቸው ብዙ ቤተ ሰቦች በይፋ እንዳያለቅሱ ተከልክለዋል፤ ድንኳን አልተተከለም፤ አግዳሚ ከዕቃ ቤት አልወጣም። ጎረቤት በጨለማ ገብቶ በጨለማ ይወጣ ነበር። ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ በአደባባዩ አጠገብ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ተከፈተ። ወደ ሙዚየሙ የሚገባ ሰው ፎቶግራፎቹን፣ ከየጅምላ መቃብሩ የወጣውን አፅምና ልብስ ይመለከታል። በዕድሜ የገፉ እናትና አባት ለመጎብኘት ሲመጡ ግን የሚፈልጉት ነገር ማየት ብቻ አይደለም። ያን ጊዜ የተነፈጉትን አሁን ሊያገኙ ይፈልጋሉ፤ መቀመጥ ነው የሚፈልጉት።

መስቀል አደባባይ ራሱ ከከተማዋ የሕዝብ መቀመጫዎች ሁሉ ትልቁ ነው። እርከኖቹ በመስከረም 16 ቀን ለደመራ የሚሰበሰበውን ሕዝብ ይይዛሉ፤ በሌላው ጊዜ ንጋት ላይ ወጣቶች ሽቅብና ቁልቁል እየሮጡ ልምምድ ያደርጉባቸዋል። በ2013 ዓ.ም. የታደሰው አደባባይ ከሥሩ የመኪና ማቆሚያ ኖሮት፣ ከላይ የእርከኑ ቅርጽ ሳይጠፋ ቀርቷል። ይህ ጥሩ ሥራ ነው። ይሁንና እርከን ለብዙ ሰው የሚሆን መቀመጫ ነው። ሰው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ሲመለከት ያገለግላል፤ ብቻውን ሊያስብ የመጣ ሰው ግን በባዶ እርከን መካከል ሲቀመጥ የሚጠብቀው ሰው ያልመጣለት ይመስላል። በእርከን ላይ ጥላ የለም፤ ጀርባ የሚጠብቅም ነገር የለም።

ከዚህ ይልቅ ትምህርት የሚሰጠው የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ ክፍለ ከተማው ስሙን የወሰደው ከሕፃኑ ከቂርቆስና ከእናቱ ከኢየሉጣ ታሪክ ጋር ከተያያዘው ከዚህ ደብር ነው። በቅጥሩ ውስጥ አዛውንቱ የሚቀመጡባቸውን ቦታዎች የሚያጠና ባለሙያ ቢኖር፣ ለመቀመጫ ተብሎ የተሠራ ነገር እጅግ ጥቂት ሆኖ ያገኘዋል። የግንብ ደፍ፣ የደረጃ ጫፍ፣ ከዛፍ ሥር የተንጋለለ ድንጋይ ነው መቀመጫው። የሚመረጡት ቦታዎች ግን ባሕርያቸው አንድ ነው። ከጀርባ ግድግዳ ወይም ግንድ አለ፤ ከፊት ሰው የሚያልፍበት መንገድ በመጠነኛ ርቀት ይታያል፤ ከላይ ጥላ አለ፤ መሬቱም ዝናብ ቢዘንብ ውኃ አይቋጥርም። እነዚህን አራት ነገሮች የያዘ ቦታ ላይ ድንጋይ ብቻ ቢቀመጥ ሰው ይቀመጥበታል። አራቱ በሌሉበት በእብነ በረድ የተጌጠ ወንበር ቢተከል የሚቀመጥበት እግሩ የደከመ ብቻ ነው፤ እርሱም ቶሎ ይነሣል።

በሌላው ዓለም መቀመጫን መታሰቢያ ያደረጉ ሥራዎች ጥቂት አይደሉም። ሁለቱ ጎን ለጎን ቢታዩ ይጠቅማሉ። በአሜሪካ በኦክላሆማ ከተማ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 19 ቀን 1995 በፈንጂ የፈረሰው የመንግሥት ሕንፃ ቆሞበት በነበረው ሥፍራ ላይ፣ ለሞቱት 168 ሰዎች 168 ወንበሮች ቆመዋል። ከነሐስና ከድንጋይ የተሠሩ፣ በሕንፃው ዘጠኝ ፎቆች ልክ በዘጠኝ ረድፍ የተደረደሩ ናቸው፤ ከመካከላቸው 19ኙ ትንንሾች ናቸው፣ የሕፃናት ናቸውና። ሥራው ልብ ይነካል። ነገር ግን ወንበሮቹ ባዶ ሆነው እንዲታዩ የተሠሩ እንጂ እንዲቀመጡባቸው የተሠሩ አይደሉም። በፔንታጎን አጠገብ እ.ኤ.አ. መስከረም 11 ቀን 2008 የተከፈተው መታሰቢያ ደግሞ 184 አግዳሚዎች አሉት። እያንዳንዱ በአንድ ጫፉ ብቻ መሬት ይዞ በሌላው የተንሳፈፈ፣ ከሥሩም ውኃ የሚፈስበት ነው። በሟቾቹ የልደት ዓመት ቅደም ተከተል ተሰልፈዋል፤ በአውሮፕላኑ ውስጥ የሞተውን ሰው ስም የሚያነብ ሰማይ ከፊቱ ይሆናል፤ በሕንፃው ውስጥ የሞተውን ስም የሚያነብ ሕንፃው ከፊቱ ይሆናል። ይህ በአቅጣጫ ብቻ የተነገረ ነገር ነው፤ ተጨማሪ ጽሑፍ አላስፈለገውም። ሰውም ይቀመጥበታል።

ለአዲስ አበባ ግን ከሁለቱም ይልቅ የሚቀርበው የሐራሬ ምሳሌ ነው። በዚምባብዌ እ.ኤ.አ. በ2005 በተካሄደው የማፍረስ ዘመቻ፣ በተባበሩት መንግሥታት ልዩ መልእክተኛ ዘገባ መሠረት፣ 700,000 ያህል ሰዎች ቤታቸውን ወይም መተዳደሪያቸውን ወይም ሁለቱንም አጥተው ነበር። በዓመቱ ዲክሰን ቺባንዳ የተባሉት የአእምሮ ሐኪም ዘመቻው በጎዳው በምባሬ ሰፈር ሥራ ሲጀምሩ የሕክምና ክፍል የሚሰጣቸው አላገኙም፤ የተገኙት 14 አሮጊቶች ነበሩ። ስለዚህ በጤና ጣቢያው ግቢ ከዛፍ ሥር የእንጨት አግዳሚ ተደረገ፤ አሮጊቶቹም ሠልጥነው በዚያ ላይ ተቀምጠው የተጨነቀውን ማዳመጥ ጀመሩ። እ.ኤ.አ. በ2016 በታወቀ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የጥናት ውጤት ይህ ዘዴ የጭንቀትን ሕመም በእጅጉ እንደሚያቃልል አሳይቷል። የሐራሬ ዘመቻና የካዛንቺስ መነሣት አንድ ናቸው ለማለት አይደለም፤ እዚህ ምትክ መኖሪያ ተሰጥቷል። ለመሐንዲስ የሚጠቅመው ነጥብ ሌላ ነው። አግዳሚው ተራ የእንጨት አግዳሚ ነበር። ውጤቱን ያመጣው ሁለት ሰዎች በአንድ ጣውላ ላይ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ነው።

ጎን ለጎን መቀመጥ ከፊት ለፊት መቀመጥ ይለያል። ፊት ለፊት የተቀመጡ ሰዎች መነጋገር ይገባቸዋል፤ ዓይን ዓይንን ይጠይቃልና። ጎን ለጎን የተቀመጡ ግን ዝም ቢሉ ማንም አይታዘባቸውም። የእድሩ አግዳሚ ይህን ያውቃል። መደገፊያ ስለሌለውም የደከመው ሰው የሚደገፈው የጎረቤቱን ትከሻ ነው። በብዙ እድሮች አግዳሚው በፕላስቲክ ወንበር ተተክቷል፤ ወንበሩ ለመሸከም ይቀላል፣ ለመደርደር ይመቻል፣ ጀርባም ያሳርፋል፤ ነገር ግን እያንዳንዱን ሐዘንተኛ ለየብቻው ያስቀምጣል። ይህ ለውጥ የመጣው ክብደትና ዋጋ ታይቶ ነው። ስለ ትከሻው ማንም አላሰላም።

ከዚህ በመነሣት ስለ አሠራሩ ጥቂት ዝርዝር መስጠት ይቻላል።

ስለ ርዝመቱ። ለአንድ ሰው 60 ሳንቲ ሜትር ቢታሰብ፣ ለአምስት ሰው 3 ሜትር ይሆናል፤ ይህም የድንኳን አግዳሚ ጠባይ ያለው መጠን ነው። ሁለት ሰው ብቻ የሚይዝ መቀመጫ ለማያውቁት ሰው ቦታ የለውም፤ አንዱ ከተቀመጠ ሌላው እንዳይረብሸው ይሸሻል። በመካከሉ የብረት መለያ የተደረገበት አግዳሚም ከዚህ የተሻለ አይደለም። መለያው የሚደረገው ሰው እንዳይተኛበት ነው ይባላል። እንደዚህ ያለው ክርክር በየንድፍ ስብሰባው መነሣቱ አይቀርም። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ሰው ሊጋደምበት የማይችል አግዳሚ ሐዘንተኛ አብሮ ሊቀመጥበትም አይችልም። ማደሪያ የሌለው ሰው አንድ ሌሊት ቢተኛበት የድንጋዩ ዕድሜ አይቀንስም።

ስለ ከፍታው። የመቀመጫው ገጽ ከመሬት 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ለብዙው ሰው ይስማማል፤ ለአዛውንት ግን ሁለትና ሦስት ሳንቲ ሜትር ቢጨመርበት ጉልበት ያሳርፋል። በእድሩ አግዳሚ ላይ ከሚታዩት ጉድለቶች ዋናው ይህ ነው፤ ዝቅ ያለ ነው፤ ለመነሣትም የሚያዝ ነገር የለውም። ስለዚህ በሁለቱ ጫፎች ብቻ፣ ከመቀመጫው ገጽ 20 ሳንቲ ሜትር ያህል ከፍ ያለ የክንድ ማሳረፊያ ቢደረግ፣ የመካከሉ ጣውላ ሳይከፋፈል አረጋዊው ይረዳል። አረጋውያን ጫፍ ላይ መቀመጥ እንደሚመርጡ ማንም ሊታዘብ ይችላል።

ስለ ድንጋዩ። አዲስ አበባ የድንጋይ ድሃ አይደለችም። ጥቁሩ ባዛልት ለመንገድ ንጣፍ ለዓመታት ሲጠረብ ቆይቷል፤ ይህን የለመደ የጠራቢ እጅ በከተማዋ ሞልቷል። የአምቦ ድንጋይ ለዓይን የሞቀ፣ ለመጥረብም የቀለለ ነው፤ የአሸዋ ድንጋይ ስለሆነ ግን ውኃ ይጠጣል፤ ጠርዙም ሰው ሲበዛበት ይሸረፋል። ስለዚህ ለመቀመጫው አካል ባዛልት፣ ከጀርባ ላለው ግድግዳ የአምቦ ድንጋይ ቢደረግ ሁለቱም በጠባያቸው ያገለግላሉ። ድንጋይ ጭነትን ሲጭኑት እንጂ ሲያጎብጡት አይችልም፤ ሲወጠር የሚሸከመው ሲጫን ከሚሸከመው ከአሥር እጅ አንድ እጅ ያህል ወይም ከዚያ ያነሰ ነው። ሦስት ሜትር ርዝመት፣ 45 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 15 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አንድ ወጥ ባዛልት ከ550 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ለመፈንቀልም ለማጓጓዝም አስቸጋሪ ነው። አንድ አንድ ሜትር በሆኑ ሦስት ክፍሎች ተከፍሎ በአራት እግሮች ላይ ቢያርፍና በማይዝግ የብረት ካስማ ቢያያዝ ጉዳዩ ይቃለላል፤ አንዱ ቢሰበርም አንዱ ብቻ ይለወጣል። የአርማታ መቀመጫ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ፌሮውን የሚሸፍነው ኮንክሪት ስስ ከሆነ በጥቂት ክረምት ውስጥ ዝገቱ ያብጥና ጠርዙን ፈንቅሎ ይወጣል። እንዲህ ያሉ መቀመጫዎችን ለማየት ከከተማው መውጣት አያስፈልግም።

ባዛልት በቀትር ይግላል፤ በጧትና በማታ ደግሞ በዚህ ከፍታ ላይ ቅዝቃዜው አጥንት ይነካል። ለዚህ መፍትሔው ከድንጋዩ በላይ የእንጨት ርብራብ ማድረግ ነው። ጥድና ዝግባ ከሁሉ የተሻሉ ነበሩ፤ ዛሬ ግን በተፈጥሮ ደን ውስጥ ጥበቃ የሚደረግላቸው ስለሆኑ፣ በሚገባ የደረቀና መድኃኒት የጠጣ ባሕር ዛፍ መጠቀም ይቻላል። በርብራቡ መካከል የጣት ስፋት ክፍተት ቢተው ውኃው ያልፋል። እንጨቱ በየጥቂት ዓመቱ መለወጥ ይኖርበታል፤ ይህን እንደ ጉድለት የሚቆጥሩ አሉ። የሚለውጠው ወገን አስቀድሞ ከታወቀ ግን ጉድለት አይደለም፤ ስለዚህም ከታች ይነሣል።

የአዲስ አበባ ክረምት ለዕቃ ርኅራኄ የለውም። በዓመት ከሚዘንበው ወደ 1,200 ሚሊ ሜትር ከሚጠጋው ዝናብ የሚበዛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል። የድንጋዩ ገጽ ወደ ፊት ሁለት በመቶ ያህል ዘንበል ይበል፤ በጠርዙ ሥር የጠብታ መቁረጫ ቦይ ይፈልፈል፤ አለበለዚያ ውኃው በሆዱ ዞሮ እግሩን ያበላሸዋል። መሠረቱ በጥቁር ጭቃ አፈር ላይ ከዋለ አፈሩ በክረምት አብጦ በበጋ ስለሚሰነጠቅ፣ ተቆፍሮ በተመረጠ አፈርና ጠጠር መተካት አለበት። ይህ ለአንድ መቀመጫ የበዛ ይመስላል። ነገር ግን የተዘነበለ ሐውልት ይታለፋል፤ የተዘነበለ መቀመጫ ግን አይቀመጡበትም።

ስለ ጽሑፉም አንድ ቃል። የነሐስ ሰሌዳ አይለጠፍ። ብረት ያለበት ነገር ሁሉ ውሎ አድሮ በቁራሌው ከረጢት ውስጥ መግባቱን የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የጉድጓድ ክዳን ያልተረፈበት ከተማ ሰሌዳ አይተርፍበትም። ጽሑፉ በድንጋዩ ውስጥ ይቀረጽ፤ የሚቀረጸውም በመቀመጫው ገጽ ላይ ሳይሆን በፊቱ ጠርዝ ላይ ይሁን። በሟች ስም ላይ መቀመጥ ለአገሬው ሰው ነውር ነውና። አራት ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል በ15 ሳንቲ ሜትሩ ጠርዝ ላይ በሁለት መስመር ይበቃል። የፊደሉ ቀለበትና ቅጥያ እንዳይደፈን ጠለቅ ብሎ መፈልፈል አለበት፤ ይህን ለግንበኛ ሳይሆን የመቃብር ሐውልት ለሚጽፍ ጠራቢ መስጠት ይበጃል፤ የፊደልን አንገት የሚያውቀው እርሱ ነው።

የማን ስም ይጻፍ የሚለው ግን ከድንጋዩ ይልቅ የከበደ ጥያቄ ነው። በኒው ዮርክ ሴንትራል ፓርክ እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ ገንዘብ የከፈለ ሰው የወዳጁን ስም በአግዳሚ ላይ ያስጽፋል፤ ገንዘቡም ለእንክብካቤ ይውላል። ብልህ ዘዴ ነው። በካዛንቺስ ቢደረግ ግን የሚጻፈው የከፋዩ ዘመድ ስም ብቻ ይሆናል፤ በሰፈሩ ኖረው በሰፈሩ የሞቱት ልብስ አጣቢዋ፣ ዘበኛውና ጠጅ ጣይዋ ይቀራሉ። እነዚህን ሁሉ የሚይዝ አንድ ስም አለ፤ እርሱም የእድሩ ስም ነው። የእድሩ ስምና የተመሠረተበት ዓመት በአንዱ መስመር፣ ድንኳኑ ይተከልበት የነበረው ቦታ የሰፈር መጠሪያ በሁለተኛው መስመር ቢጻፍ፣ ከዚያ እድር ድንኳን የወጡ ሙታን ሁሉ ተጠርተዋል።

አቅዱም እንዲህ ሊሆን ይችላል። ድንኳን ይተከልባቸው ከነበሩት ቦታዎች በአዲሱ አረንጓዴ ሥፍራ ወይም በሰፊው የእግረኛ መንገድ ዳር የዋሉት ይመረጡ። በእያንዳንዱ ቦታ ሁለት የሦስት ሜትር አግዳሚዎች፣ በድንኳን ስፋት ያህል ተራርቀው፣ ትይዩ ሆነው ይተከሉ። ርቀቱ ሰፊ ስለሆነ በሁለቱ የተቀመጡት ሰዎች ለመነጋገር አይገደዱም። በንጣፉ ውስጥ፣ በአግዳሚዎቹ ጫፎች ዙሪያ፣ የድንኳን ምሰሶ የሚገባባቸው ቱቦዎች ግማሽ ሜትር ያህል ጠልቀው ይቀበሩ፤ ከሥራቸው ጠጠር ይደረግ፣ ውኃ እንዳይቋጠርባቸው። በተራ ቀን ሥፍራው ለአላፊ አግዳሚው ማረፊያ ነው፤ ተማሪው መጽሐፉን ያነብበታል፣ ሊስትሮው በጥላው ይሠራበታል። ሐዘን ሲሆን ድንኳኑ በቱቦዎቹ ላይ ይቆማል፤ ሁለቱ የድንጋይ አግዳሚዎች ለአዛውንቱ ይሆናሉ፤ የቀረው ከዕቃ ቤት ይመጣል።

እዚህ ላይ ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ሰዎቹ ወደ ሌላ ቦታ ሄደው ሳለ በካዛንቺስ ድንኳን የሚተክለው ማን ነው? ተቃውሞው ተገቢ ነው። ለዚህም ሁለት መልስ አለ። አንደኛው፣ በሰፈሩና በዙሪያው የቀሩ፣ በቂርቆስም በየመንደሩ ያሉ እድሮች አሉ፤ ድንኳን በአስፋልት ላይ መትከል እየከበደ በሄደ ቁጥር እንዲህ ያለ ቦታ ይፈልጋሉ። ሁለተኛው፣ ሰው ወደ ኖረበት ሰፈር ይመለሳል፤ በሙት ዓመት፣ በደብሩ የንግሥ ቀን፣ ወይም እንዲያው ሲያልፍ። ሲመለስ የሚያገኘው የማያውቀው መንገድ ብቻ ከሆነ ያልፋል። የእድሩን ስም ቢያነብ ግን ይቀመጣል። ተመሳሳዩ አግዳሚና ቱቦ በገላን ጉራም በሕንፃዎቹ መካከል ቢሠራ፣ በአንድ ስም የተጠሩ ሁለት ቦታዎች ይኖራሉ። ወጪው ብዙ አይደለም፤ ለመንገድ መብራት ምሰሶዎች ከሚወጣው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

የእንጨቱን ርብራብ የሚለውጠው ወገን እድሩ ይሁን። ማዘጋጃ ቤቱ ድንጋዩንና መሠረቱን ይጠብቅ፤ እድሩ ደግሞ በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ጣውላውን ይለውጥ። እድር ዕቃውን ቆጥሮ ማስረከብና መረከብ ያውቅበታል፤ ሳህን የጎደለበትን አባል የሚቀጣ ማኅበር ጣውላ የጎደለበትን መቀመጫ ዝም ብሎ አያይም። በተበታተኑት አባላት መካከልም በዓመት አንድ ጊዜ የሚያገናኝ ሥራ ይኖራል።

ለንድፉ የሚያስፈልገው ልኬት ግን በማናቸውም የሙያ መጽሐፍ ውስጥ አይገኝም። የድንኳኑ ስፋት፣ የምሰሶው ውፍረት፣ የአግዳሚው ከፍታና ርዝመት ከእድር እድር ይለያያል፤ ያለውም በየዕቃ ቤቱ ነው። ከተነሡት እድሮች አንዳንዶቹ ዕቃቸውን አከፋፍለው ይሆናል፤ አንዳንዶቹ በአባል ግቢ አስቀምጠውት ይሆናል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው በሠሌዳ ላይ ሳይሆን ሜትር ይዞ የእድር ዳኞችን ፈልጎ በማግኘት ነው። የሚለካውን ለክቶ፣ ድንኳኑ የት ይተከል እንደነበር በእግር አብሮ ሄዶ ማስጠቆም ያስፈልጋል። ይህም ቦታውን የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ መሆን አለበት። የቱቦዎቹ ክዳን ከተጠረበ ድንጋይ ይሠራ፤ በላዩም ሁለት ሰው በመንጠቆ ሊያነሣው የሚችል ቀዳዳ ይተውበት፤ የክዳኑም ክብደት ከ40 ኪሎ ግራም አይብለጥ።